የቆየ ፕሪንተርን ፓራለል ፖርት ከሌለው ኮምፒውተር ጋር ማገናኘት፦ ዝርዝር መመሪያ

ከጀርባው ሰፊ ሶኬትና ግራና ቀኝ የሚታጠፉ ሁለት የሽቦ መቆለፊያዎች ያሉት ፕሪንተር አለዎት እንበል። ወረቀት ይስባል፣ ሪበኑ ወይም ቶነሩ ደህና ነው፣ ጽሑፉም ጥርት ብሎ ይወጣል። አዲሱ ኮምፒውተር ግን የዚያን ገመድ ጫፍ የሚቀበል ቀዳዳ የለውም። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ወይ ፕሪንተሩን ዕቃ ቤት ይከተዋል፣ ወይ ፊት ለፊት ያገኘውን አዳፕተር ገዝቶ አልሠራ ሲለው ተስፋ ይቆርጣል። ሁለቱም ያሳዝናል። በ1990ዎቹ የወጡ የቢሮ ሌዘር ፕሪንተሮች ብዙ እንዲያትሙ ታስበው የተሠሩ ጠንካራ ማሽኖች ናቸው። ዶት ማትሪክስ ደግሞ በመርፌ እየመታ ስለሚጽፍ ባለ ብዙ ቅጂ ደረሰኝ ላይ ከሥር ያሉትን ወረቀቶች ጭምር ያትማል፤ ይህን ሥራ ሌዘርም ኢንክጄትም አይሠሩትም።

ከመነሻው አንድ ነገር ይያዝልኝ። ችግሮቹ ሁለት ናቸው፣ ሰው የሚያየው ግን አንዱን ነው። የሚታየው ገመዱ ነው። የማይታየው ፕሪንተሩ የሚረዳው ቋንቋ ነው፤ ከኮምፒውተሩ የሚመጣለትን ትእዛዝ በምን ዓይነት ኮድ ይቀበላል የሚለው ማለት ነው። የገመዱ ጉዳይ በአዳፕተር ይፈታል። ያንን ቋንቋ የሚናገር ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ከሌለ ግን የትኛውም አዳፕተር አያድንም። ስለዚህ መጀመሪያ ፕሪንተሩን ይፈትሹ፣ ቀጥለው ሶኬቱንና ቋንቋውን ይለዩ፣ ገንዘብ የሚያወጡት ከዚያ በኋላ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፕሪንተሩ ለብቻው ይሠራል?

የዳታ ገመድ ሳይሰኩ፣ ፕሪንተሩን ከመብራት ጋር ብቻ አገናኝተው የራሱን መፈተሻ ገጽ ያሳትሙ። በብዙዎቹ የኤፕሰን ዶት ማትሪክስ ፕሪንተሮች ወረቀት አስገብተው ማሽኑን ያጠፉና ወረቀት የሚያሳልፈውን «ኤልኤፍ/ኤፍኤፍ» የሚል ቁልፍ ተጭነው እንደያዙ መልሰው ያበሩታል። ፊደላቱን በተርታ መጻፍ ይጀምራል። ለማቆም ማጥፋት ነው። በቆዩ የኤችፒ ሌዘርጄት ማሽኖች ከፊት ካለው ሜኑ «ሰልፍ ቴስት» የሚለው ይመረጣል፤ አንድ ቁልፍ ብቻ ያላቸው ትንንሾቹ ደግሞ ዝግጁ ሆነው ሳሉ ያ ቁልፍ ሲጫን ገጹን ያወጣሉ።

ይህ ገጽ ካልወጣ ወይም በግማሽ የደበዘዘ፣ መስመር የጎደለው ሆኖ ከወጣ ችግሩ ማሽኑ ውስጥ ስለሆነ አዳፕተር መግዛት ትርጉም የለውም። በደንብ ከወጣ ደግሞ ወረቀቱን እንዳይጥሉት። በተለይ የሌዘር ፕሪንተር ገጽ ላይ ያለው የሜሞሪ መጠንና የቋንቋ ዝርዝር ወደፊት ይፈለጋል።

ሶኬቱን መለየት

ፓራለል ፖርት የምንለው መስመር መነሻው ሴንትሮኒክስ የተባለው ኩባንያ በ1970 ያወጣው ፕሪንተር ነው። አይቢኤም በ1981 የግል ኮምፒውተሩን ሲያወጣ በፕሪንተሩ በኩል የሴንትሮኒክሱን ባለ 36 እግር ሶኬት እንዳለ ትቶ፣ በኮምፒውተሩ በኩል ባለ 25 ቀዳዳ ማያያዣ አደረገ። ገመዱ ሁለት የተለያዩ ጫፎች ያሉት ለዚህ ነው። በ1994 አይትሪፕልኢ 1284 የተባለው ስታንዳርድ ወጥቶ ሁለቱ ወገኖች የሚነጋገሩበትን መንገድና የገመዱን ጥራት ወሰነ። ገመድዎ ላይ «1284» የሚል ቁጥር ታትሞ ካዩ ደህና ገመድ ነው፤ እስከ 10 ሜትር ድረስ እንዲሠራ የታሰበ ነው። ቁጥሩ የሌለው የቆየ ገመድ ከሆነ ከ2 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

ከፕሪንተሩ ጀርባ ከሚከተሉት አንዱን ያገኛሉ።

ባለ 36 እግር ሰፊ ሶኬት ከሽቦ መቆለፊያ ጋር ካለ የተለመደው ፓራለል ነው፤ ይህ መመሪያ በዋናነት የሚያወራው ስለዚሁ ነው። በአንዳንድ የኤችፒ ሌዘርጄት ሞዴሎች ላይ ደግሞ እግሮቹ ያው 36 ሆነው መጠኑ በጣም ያነሰ ሶኬት አለ። ይህ ሚኒ ሴንትሮኒክስ ይባላል፤ ተራው አዳፕተር አይገባበትም፣ በመሃል መቀየሪያ ይፈልጋል። ከመግዛትዎ በፊት ስፋቱን በማስመሪያ ይለኩ።

በፕሪንተሩ በኩል ባለ 25 ማያያዣ ካዩ ቆም ይበሉ። እሱ አብዛኛውን ጊዜ ሲሪያል ነው፤ ዳታን ቢት በቢት በተራ የሚያሳልፍ ሌላ ዓይነት መስመር ማለት ነው። መልኩ ከፓራለል ገመድ የኮምፒውተር ጫፍ ጋር ስለሚመሳሰል ሰው በስህተት ያገናኘዋል። የሲሪያል መስመር በአዎንታዊና በአሉታዊ አቅጣጫ እስከ 15 ቮልት ሲደርስ ፓራለሉ የሚሠራው በ5 ቮልት ነው፤ ሁለቱን ማገናኘት ፖርቱን ሊያቃጥል ይችላል። የሲሪያል ፕሪንተር የሚፈልገው ከዩኤስቢ ወደ አርኤስ 232 የሚቀይር አዳፕተር ነው። ከዚያ በኮምፒውተሩ ላይ የሚሞላው ፍጥነት፣ የዳታ ቢት ቁጥር፣ ፓሪቲና ስቶፕ ቢት በፕሪንተሩ ላይ ከተሞላው ጋር አንድ መሆን አለበት። ብዙ ጊዜ መነሻው 9600፣ 8፣ ፓሪቲ የለም፣ 1 ነው። ፕሪንተሩ «ቆይ፣ ሞልቶብኛል» የሚልበት የፍሰት መቆጣጠሪያም በሁለቱም በኩል መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ አጭር ጽሑፍ በደንብ ይወጣና ረጅሙ መሃል ላይ ይበላሻል።

አራት ማዕዘን የዩኤስቢ ሶኬት ካለው ደግሞ ሥራዎ ቀላል ነው። ላፕቶፕዎ ላይ ያለው ትንሿ ዩኤስቢ ሲ ብቻ ቢሆንም በአንድ ጫፉ ሲ፣ በሌላው አራት ማዕዘኑ ያለው ተራ ገመድ ይበቃል፤ ውድ ገመድ አያስፈልግም። ፕሪንተሩ ከተሰካ በኋላ አንዴ እየታየ አንዴ እየጠፋ ካስቸገረ በመሃል የዩኤስቢ 2.0 ሃብ ያስገቡ። ከአዲሶቹ ፖርቶች ጋር በቀጥታ አልስማማ ያሉ የቆዩ ማሽኖች በሃብ በኩል የሚስማሙበት ጊዜ አለ። ብዙ ሞዴሎች ፓራለልም ዩኤስቢም ስላላቸው በአቧራ ወይም በፕላስቲክ መክደኛ የተሸፈነ ቀዳዳ እንዳለ ሳያዩ ወደ ገበያ አይውጡ።

ቋንቋውን መለየት

ቋንቋው የሚታወቅ ከሆነ ትክክለኛው ድራይቨር ባይገኝ እንኳ የዘመድ ድራይቨር ይሠራል። በሌዘሮች ዘንድ ዋናዎቹ ፒሲኤል እና ፖስትስክሪፕት ናቸው። በዶት ማትሪክስ ደግሞ የኤፕሰኑ ኢኤስሲ/ፒ ነው፤ የሌሎች ኩባንያዎች ማሽኖችም ብዙዎቹ ይህንኑ ይረዳሉ፣ ወይም የአይቢኤም ፕሮፕሪንተርን አስመስለው ይሠራሉ። መፈተሻ ገጹ ላይ ወይም መጽሐፉ ላይ ከእነዚህ አንዱ ከተጻፈ ተስፋዎ ትልቅ ነው።

አስቸጋሪዎቹ ጂዲአይ ወይም ሆስት ቤዝድ የሚባሉት ናቸው። እነዚህ የራሳቸው ቋንቋ የላቸውም፤ ገጹን ነጥብ በነጥብ የሚሥልላቸው ኮምፒውተሩ ነው። የካኖን ካፕት የሚባለው አሠራርም ከዚሁ ወገን ነው። ድራይቨራቸው ከፕሪንተሩ ጋር መልስ እየተቀባበለ ስለሚሠራ በዩኤስቢ አዳፕተር በኩል ሲያልፍ የሚሰናከልበት ጊዜ ብዙ ነው። ድራይቨሩ የተጻፈው ለባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ብቻ ከሆነማ ዊንዶውስ 11 ላይ አይጫንም፤ ዊንዶውስ 11 ባለ 64 ቢት ብቻ ነው። የእርስዎ ፕሪንተር ከእነዚህ ከሆነ፣ ለስርዓትዎ የሚሆን ድራይቨር መኖሩን ከአምራቹ ገጽ ላይ በዓይንዎ ሳያዩ ሳንቲም እንዳያወጡ እመክራለሁ።

የትኛው መንገድ ይሻላል?

ዴስክቶፕ ከሆነ ከሁሉ በፊት ክዳኑን ከፍተው ማዘርቦርዱን ይዩ። ከጀርባ ፓራለል ፖርት የሌላቸው አንዳንድ ማዘርቦርዶች ጫፋቸው አካባቢ «ኤልፒቲ» (የፓራለል ፖርት መጠሪያ) የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ በሁለት ረድፍ የተተከሉ እግሮች አሏቸው። በረድፍ 13 ቦታ ሆኖ አንዷ እግር ሆን ተብላ ስለቀረች በድምሩ 25 ናቸው። ይህ ካለ ፖርቱ አለ ማለት ነው፤ የጎደለው ወደ ውጭ የሚያወጣው ሪበን ኬብልና የጀርባ ብረት ብቻ ነው። የኬብሉን ቀይ ጠርዝ ከ1ኛዋ እግር ጋር አጋጥመው ይሰኩ፣ የእግሮቹን አቀማመጥ ከማዘርቦርዱ መጽሐፍ ጋር ያስተያዩ፣ ከዚያ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር) ገብተው ፓራለል ፖርቱ መከፈቱን ያረጋግጡ። ከሁሉ የሚረክሰውም ከሁሉ የሚታመነውም መንገድ ይኸው ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው መኖሩን አያውቀውም።

እሱ ከሌለ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ፓራለል ካርድ አለ። ትንሿ የኤክስ 1 ቀዳዳ ትበቃዋለች። ቀጭን ኬዝ ከሆነ አጭር የጀርባ ብረት አብሮ መምጣቱን ያረጋግጡ። ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ለዚህ ካርድ ኤልፒቲ 3 የሚል ስም ይሰጠዋል፤ ፕሮግራምዎ ኤልፒቲ 1 ካልሆነ የማይል ከሆነ ከዲቫይስ ማኔጀር (የዊንዶውስ የመሣሪያዎች ዝርዝር) ገብተው የፖርቱን ቁጥር መቀየር ይቻላል።

ለላፕቶፕ የሚቀረው ከዩኤስቢ ወደ ፓራለል የሚቀይር ኬብል ነው። እዚህ ላይ ማወቅ የሚገባ ነገር አለ። በኬብሉ ራስ ውስጥ ያለችው ቺፕ ለኮምፒውተሩ ራሷን «የዩኤስቢ ፕሪንተር ነኝ» ብላ ታስተዋውቃለች እንጂ ኤልፒቲ 1 የሚባል ፖርት አትፈጥርም። ለፕሪንተር ይህ ምንም አይደለም። በፓራለል የሚሠራ ስካነር፣ ዚፕ ድራይቭ፣ የሶፍትዌር ቁልፍ ወይም ቺፕ መጻፊያ መሣሪያ ግን በዚህ ኬብል አይሠራም፤ የመሸጫ ማስታወቂያው ምንም ቢል። ኬብሉ በሁለት መልክ ይመጣል። አንደኛው ጫፉ ባለ 36 ሆኖ በቀጥታ ፕሪንተሩ ላይ ይሰካል። ሁለተኛው ባለ 25 ቀዳዳ ስላለው የድሮ ገመድዎን ያስቀጥላል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ መጋጠሚያ ባነሰ ቁጥር የሚላላ ነገር ያንሳል። ውስጡ ቺፕ የሌለው፣ ሽቦ ከሽቦ ብቻ ያገናኘ «መቀየሪያ» ካጋጠመዎት አይግዙት።

ፕሪንተሩን ከአንድ በላይ ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ፣ ወይም ኮምፒውተሩ ከራቀ፣ ፕሪንት ሰርቨር ከሁሉም ይበልጣል። ባለ ፓራለል ሶኬት ሆነው የተሠሩ የኤችፒ ጄትዳይሬክት 170ኤክስ እና 300ኤክስ፣ የቲፒ ሊንክ ቲኤል ፒኤስ110ፒ የመሳሰሉ ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። በአንድ በኩል ፕሪንተሩ፣ በሌላ በኩል የኔትወርክ ገመዱ ይሰካል። ኮምፒውተሩ ምን ዓይነት ፖርት አለው የሚለው ጥያቄ ከነጭራሹ ይቀራል።

በዩኤስቢ ኬብል፣ በዊንዶውስ ላይ፣ ደረጃ በደረጃ

1. ፕሪንተሩን ያጥፉ። ፓራለል ሶኬት እንደ ዩኤስቢ ማሽኑ በርቶ ሳለ የሚሰካ የሚነቀል ነገር አይደለም፤ ባለ 36ቱ ጫፍ ሲነካ ማሽኑ ሁልጊዜ የጠፋ መሆን አለበት።

2. የኬብሉን ጫፍ ቀጥ አድርገው እስከ መጨረሻው ይግፉና ሁለቱን ሽቦዎች ወደ ውስጥ አጥፈው ይቆልፉ። ያልተቆለፈ ገመድ በክብደቱ ቀስ እያለ ይወጣል፤ በግማሽ የወጣ ሶኬት የሚያመጣው ብልሽት ደግሞ የድራይቨር ችግር ይመስላል።

3. ፕሪንተሩን ያብሩና የዝግጁነት መብራቱ እስኪረጋ ይጠብቁ። ከዚያ ብቻ የዩኤስቢውን ጫፍ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰኩ። ቅደም ተከተሉ ልማድ ብቻ አይደለም፤ አዳፕተሩ ሲነሳ ፕሪንተሩን «ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቃል፣ የጠፋ ማሽን ደግሞ አይመልስም።

4. ዲቫይስ ማኔጀርን ይክፈቱ። በዩኤስቢ ኮንትሮለሮች ዝርዝር ውስጥ «ዩኤስቢ ፕሪንቲንግ ሰፖርት» የሚል መስመር መታየት አለበት። ይህ ከታየ ዊንዶውስ አዳፕተሩን አውቆታል ማለት ነው። ቢጫ ምልክት ካለበት ወይም ከናካቴው ከሌለ ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ይሞክሩ። እዚህ ላይ ሳይሳካ ወደ ድራይቨር መሄድ ጊዜ ማባከን ነው።

5. ከሴቲንግስ ውስጥ «ብሉቱዝ ኤንድ ዲቫይስስ»፣ ቀጥሎ «ፕሪንተርስ ኤንድ ስካነርስ»፣ ቀጥሎ «አድ ዲቫይስ» ይጫኑ። ፈልጎ አያገኘውም፤ ግድ የለም። ጥቂት ቆይቶ በእጅ ለመጨመር የሚያስችል «አድ ማኑዋሊ» የሚል አማራጭ ብቅ ይላል፤ እሱን ይጫኑ።

6. ከሚቀርቡት ምርጫዎች የመጨረሻውን፣ በእጅ ተሞልቶ የሚገባውን ሎካል ፕሪንተር ይምረጡ።

7. ፖርት ሲጠይቅዎት ሳያዩ «ኔክስት» እንዳይሉ። መጀመሪያ የሚቀርበው ኤልፒቲ 1 ነው፤ እሱን ይዞ የሄደ ሰው ሁሉ ወደ ሌለ ፖርት ያትማል። ዝርዝሩን ወደታች ወርደው «ዩኤስቢ 001» የሚለውን፣ ከጎኑ ቨርቹዋል ፕሪንተር ፖርት የሚል ማብራሪያ ያለበትን፣ ይምረጡ። 001ም 002ም ካሉ አዳፕተሩን ነቅለው ሲሰኩት አዲስ የተጨመረው የእርስዎ ነው።

8. አምራቹንና ሞዴሉን ይምረጡ። ከሌለ ቀጣዩን ክፍል ያንብቡ።

9. አጭር ስም ሰጥተው መፈተሻ ገጽ ያሳትሙ።

አንዴ ከሠራ በኋላ ኬብሉ የተሰካበትን የዩኤስቢ ቀዳዳ እንዳይለውጡ። አብዛኞቹ እነዚህ አዳፕተሮች የራሳቸው መለያ ቁጥር ስለሌላቸው ዊንዶውስ የሚያውቃቸው በተሰኩበት ቦታ ነው። ቦታ ሲለወጥ «ኮፒ 1» የሚል ሌላ ፕሪንተር ይፈጥራል፣ የቀድሞው ደግሞ ኦፍላይን ሆኖ ይቀራል። ቀዳዳው አጠገብ ትንሽ ምልክት ቢለጥፉ ሌላው ተጠቃሚም አይሳሳትም።

ድራይቨር ሲጠፋ

የፕሪንተርዎ ስም ዝርዝሩ ውስጥ ባይኖር አይደንግጡ። ፒሲኤል የሚረዳ የኤችፒ ሌዘር ከሆነ የኤችፒ ዩኒቨርሳል ድራይቨር አለ፤ ዊንዶውስም የራሱ የፒሲኤል 6 እና የፖስትስክሪፕት ክላስ ድራይቨሮች አሉት። ልብ ይበሉ፤ ፒሲኤል 5 ብቻ የሚያውቅ ማሽን የፒሲኤል 6 ድራይቨር ሲላክለት ወረቀት ሙሉ ዝባዝንኬ ያወጣል። መፈተሻ ገጹን እንዳይጥሉት ያልኩት ለዚህ ነው።

ለዶት ማትሪክስ ከኤፕሰን ዝርዝር ውስጥ የተከታታይ ስም ያላቸውን ይፈልጉ። ባለ 24 መርፌ ከሆነ «ኤልኪው ሲሪስ 1»፣ ባለ 9 መርፌ ከሆነ «ኤፍኤክስ ሲሪስ 1» ወይም «ኤልኤክስ ሲሪስ 1»። ከስሙ ቀጥሎ ያለው 80 ወይም 136 የወረቀቱን ስፋት በፊደል ቁጥር የሚያሳይ ነው፤ ጠባቡ ማሽን 80፣ ሰፊው 136። የባለ 24ቱን ድራይቨር ለባለ 9 መርፌ መስጠት ምስሉን ያዛባል።

ሁሉም እምቢ ካለ «ጀነሪክ ቴክስት ኦንሊ» አለ። ይህ ፊደሉን እንዳለ በኮድ ስለሚልክ ፈጣን ነው፤ ግን ፕሪንተሩ ውስጥ ያለውን ፊደል ብቻ ነው የሚያትመው። የግዕዝ ፊደል በዚህ መንገድ አይወጣም። ግዕዝ እንዲወጣ ገጹን በምስል መልክ የሚልክ ትክክለኛ ድራይቨር የግድ ነው።

ሁለት እንቅፋቶች አሉ። በዊንዶውስ 11 የ24ኤች2 ስሪት የመጣው «ዊንዶውስ ፕሮቴክትድ ፕሪንት ሞድ» ሲበራ የአምራቾችን ድራይቨር ጨርሶ አይቀበልም፤ የቆየ ፕሪንተር ያለው ሰው ማጥፋት አለበት። ኮምፒውተሩ የአርም ፕሮሰሰር ያለው ከሆነ ደግሞ ለተራው ፒሲ የተጻፈ የፕሪንተር ድራይቨር አይጫንበትም። እዚያ ላይ የሚሻለው ከፕሪንት ሰርቨሩ ቀጥሎ የማወራው የሊኑክስ መንገድ ነው።

በፕሪንት ሰርቨር በኩል

ሳጥኑን ከፕሪንተሩ ጋር ሁለቱም ጠፍተው ሳለ ያገናኙ፣ የኔትወርክ ገመዱን ይሰኩ፣ ፕሪንተሩን አስቀድመው ያብሩ። የሳጥኑ የመፈተሻ ቁልፍ ሲጫን የአይፒ አድራሻውን በፕሪንተሩ ላይ ያትማል። ያንን አድራሻ በብራውዘር ከፍተው፣ ወይም ከራውተሩ ላይ፣ የማይለዋወጥ ያድርጉት። አድራሻው በየጊዜው ከተቀያየረ ፕሪንተሩም በየጊዜው «ይጠፋል»።

በዊንዶውስ በኩል አዲስ «ስታንዳርድ ቲሲፒ/አይፒ ፖርት» ይፍጠሩ፣ አድራሻውን ያስገቡ፣ ፕሮቶኮሉን «ሮው»፣ የፖርት ቁጥሩን 9100 ያድርጉ። ሦስት ፕሪንተር የሚይዙት የጄትዳይሬክት ሳጥኖች ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ሶኬት 9101 እና 9102 ይጠቀማሉ። ከዚያ እዚያው የፖርቱ ቅንብር ውስጥ ዊንዶውስ የፕሪንተሩን ሁኔታ በኔትወርክ የሚጠይቅበትን «ኤስኤንኤምፒ ስታተስ» የሚለውን ቲክ ያንሱ። ብዙ የቆዩ ሳጥኖች ለዚህ ጥያቄ ተገቢውን መልስ ስለማይሰጡ ዊንዶውስ ደህናውን ፕሪንተር ኦፍላይን ነው ብሎ ሥራውን ይይዛል። ይህች አንዲት ቲክ ስንቱን ጤነኛ ሳጥን አስጥላለች። የደህንነት ነገርም አለ፤ እነዚህ ሳጥኖች ዛሬ ለሚያስፈልገው ጥበቃ ስላልተሠሩ ከውስጥ ኔትወርክ ውጭ፣ ከኢንተርኔት እንዲታዩ አያድርጓቸው።

ሊኑክስና ማክ

ሊኑክስ ለቆዩ ፕሪንተሮች ደግ ነው። ያው የዩኤስቢ ኬብል ሲሰካ ኩፕስ የተባለው የሕትመት ስርዓት እንደ ዩኤስቢ ፕሪንተር ያገኘዋል፤ በብራውዘር የራሱን ኮምፒውተር በፖርት 631 ከፍተው ፕሪንተሩን መጨመርና ከጉተንፕሪንት ወይም ከፉማቲክ ዝርዝር ድራይቨር መምረጥ ነው። እንደ ራዝበሪ ፓይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ይህንን ካደረጉና ማጋራቱን ካበሩ፣ የቆየውን ድራይቨር የሚሸከመው እሱ ይሆናል። ሌሎቹ ላፕቶፖችና ስልኮች ድራይቨር ሳይጫንባቸው እንደ ዘመናዊ የኔትወርክ ፕሪንተር ያዩታል። ማክም የሚጠቀመው ኩፕስን ስለሆነ ፒሲኤልና ፖስትስክሪፕት ለሚረዱ ማሽኖች ይሠራል፤ ግን ከአዳፕተሩ ጋር ያለው ስምምነት እንደ ሊኑክስ የሚያስተማምን ስላልሆነ ለማክ ፕሪንት ሰርቨሩን እመርጣለሁ።

ወደ ኤልፒቲ 1 ብቻ የሚጽፉ ፕሮግራሞች

አንዳንድ የቆዩ የሒሳብና የደረሰኝ ፕሮግራሞች የዊንዶውስን የፕሪንተር ዝርዝር አያዩም፤ በቀጥታ ኤልፒቲ 1 ላይ ይጽፋሉ። በዩኤስቢ ኬብል የገባውን ፕሪንተር ለእነሱ ለማሳየት መጀመሪያ ፕሪንተሩን በአጭርና ክፍት ቦታ በሌለው ስም ያጋሩት። ቀጥሎ በኮማንድ መስኮት «ኔት ዩዝ» የሚለውን ትእዛዝ ጽፈው ኤልፒቲ 1ን ከኮምፒውተሩ ስምና ከማጋሪያው ስም ጋር ያስሩ፤ «ፐርሲስተንት» የሚለውን «የስ» ካደረጉት ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራም ይቆያል። ፕሮግራሙ ንጹሕ የዶስ ከሆነ ግን ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ራሱን ፕሮግራሙን አያስነሳውም። ያኔ እንደ ዶስቦክስ ኤክስ ወይም ቪዶስ ባለ አስመሳይ ውስጥ አስገብቶ ሕትመቱን ወደ ዊንዶውስ ፕሪንተር ማዞር ነው።

አልሠራ ሲል

የመፈተሻ ገጹ ዝባዝንኬ ከሆነ ጥፋቱ የገመዱ ነው ወይስ የቋንቋው? ይህንን የሚለይ ድንቅ መሣሪያ በብዙዎቹ የኤፕሰን ዶት ማትሪክስ ውስጥ ተቀምጧል። «ኤልኤፍ/ኤፍኤፍ» እና «ሎድ/ኢጀክት» የሚሉትን ሁለት ቁልፎች አብረው ይዘው ያብሩት። አሁን ፕሪንተሩ የመጣለትን ትእዛዝ አይፈጽምም፤ እያንዳንዱን ባይት በሄክሳዴሲማል ቁጥሩ ያትማል። በቴክስት ኦንሊ ድራይቨር 123 ብለው ይላኩ። በወረቀቱ ላይ 31 32 33 ተከታትለው ካገኙ ገመዱም አዳፕተሩም ጤነኞች ናቸው፣ ችግሩ የድራይቨር ምርጫ ነው። በምትኩ 35 36 37 ካገኙ ደግሞ ወረቀቱ በትክክል ምን እንደተበላሸ እየነገረዎት ነው። ሦስቱም ቁጥሮች በ4 ጨምረዋል፤ ይህ የሚሆነው ሦስተኛው የዳታ መስመር ሁልጊዜ 1 ሆኖ ሲነበብ ነው፣ እሱም በማያያዣው ላይ 4ኛው እግር ነው። የዳታ መስመሮቹ ከ2ኛው እስከ 9ኛው እግር በተርታ ስለሚሄዱ በ1 ከጨመረ 2ኛውን፣ በ2 ከጨመረ 3ኛውን ይመለከታሉ። ገመዱን ነቅለው በብርሃን ሲያዩት የታጠፈ ወይም ወደ ውስጥ የገባ እግር ማግኘትዎ አይቀርም። የመጨረሻው መስመር ሳይታተም ከቀረ ፕሪንተሩን ኦፍላይን ሲያደርጉት ይወጣል።

ጽሑፉ መስመር በመስመር ወደ ቀኝ እያፈገፈገ እንደ ደረጃ ከወጣ፣ ኮምፒውተሩ «ወደ ታች ውረድ» እያለ «ወደ ግራ ጠርዝ ተመለስ» የሚለውን አልላከም፤ በሊኑክስ ጥሬ ጽሑፍ ሲላክ የተለመደ ነው። ጽሑፉን ከመላክዎ በፊት የመስመር መጨረሻውን በዊንዶውስ ዓይነት ይለውጡ። በተቃራኒው መሃል መሃሉ ባዶ መስመር እየገባ ከሆነ በፕሪንተሩ ቅንብር ወይም በዲፕ ስዊቹ (በማሽኑ ላይ ባሉት ትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች) ላይ «ኦቶ ላይን ፊድ» የሚለውን ያጥፉ።

ዊንዶውስ ፕሪንተሩን ኦፍላይን ነው ካለ ኬብሉ ሳይነቃነቅ ወደ ፕሪንተሩ ፕሮፐርቲስ ይግቡ፣ «ፖርትስ» በሚለው ትር ሥር «ባይዳይሬክሽናል ሰፖርት» የሚለውን ቲክ ያንሱ። ብዙ አዳፕተሮች ወደ ፕሪንተሩ በደንብ ይልካሉ፣ መልስ መቀበል ላይ ግን ደካማ ናቸው። ቲኩ ሲነሳ ዊንዶውስ መልስ መጠበቁን ይተዋል።

ሌዘር ፕሪንተር ዳታ ተቀብሎ መብራቱ እያበራ ወረቀት ሳያወጣ ከቆየ ገጹ ማለቁን የሚነግረው ትእዛዝ አልደረሰውም ማለት ነው። በተለይ ጥሬ ጽሑፍ ከተላከ የፎርም ፊድ ቁልፉን ሲጫኑት ገጹ ይወጣል።

ሌዘሩ ጽሑፍን እያተመ ሥዕል ሲመጣ ገጹን በግማሽ ቆርጦ «20» ወይም «21» የሚል ስህተት የሚያሳይ ከሆነ አዳፕተሩን አይጠርጥሩ። 20 የሜሞሪ ጥበት፣ 21 የገጹ ውስብስብነት ነው። በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) አንድ ሙሉ የኤ4 ገጽ ሳይጨመቅ ከ4 ሜጋባይት በላይ ይፈልጋል፤ በ1992 የወጣው ሌዘርጄት 4 ግን ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ሜሞሪ 2 ሜጋባይት ነው። በድራይቨሩ ውስጥ ጥራቱን ወደ 300 ዲፒአይ ሲያወርዱት ፍላጎቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ገጹም ሙሉ ሆኖ ይወጣል። ድራይቨሩ ውስጥ የተሞላው የሜሞሪ መጠን በመፈተሻ ገጹ ላይ ከታተመው ጋር አንድ መሆኑንም አብረው ይዩ።